በወንድሜ ላይ የዘጋሁት ማቋረጫ

ወንድሜ ሜዳርድ ክላርሃውት ብስክሌት የገዛው ለክብር ብሎ አልነበረም። ከቤታችን እስከሚሠራበት የተልባ ክር ፋብሪካ በእግር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። በሃያ ሁለት ዓመቱ ግን በየመንደሩ በዓል የሚደረገውን ውድድር ጠራርጎ ወሰደ። የፋብሪካው አቧራ ሳንባውን ሲበላው ሥራውን ትቶ ተወዳዳሪ ሆነ። አባታችን «ተቀምጦ መብላት አማረህ?» አሉት። ጎረቤታችን ካሚል ደግሞ እሱን ተከትሎ ተወዳዳሪ ሆነ።

እኔ ሲዶኒ የባቡር ማቋረጫ ጠባቂ ነኝ፤ ደወሉ ሲጮህ መዝጊያውን አወርዳለሁ።

ጦርነቱ ሊመጣ ሁለት ዓመት ሲቀረው ትልቁ ውድድር በእኔ ማቋረጫ አለፈ። ዝናብ ነበር። መዝጊያውን ገና ከማውረዴ ጭቃ የለበሱ ሁለት ሰዎች በኮብልስቶኑ ላይ ብቅ አሉ፤ ፊት ሜዳርድ፣ ኋላ ካሚል።

«ክፈቺ!» አለ ሜዳርድ።

«ባቡሩ መጥቷል፣ ቁም!»

«ሲዶ፣ በእናትሽ!»

አልከፈትኩም። ብስክሌቱን ተሸክሞ ከመዝጊያው ስር ሾለከ። ሐዲዱ መሃል አዳልጦት በጉልበቱ ወደቀ። ጮህኩ። ባቡሩ በመካከላችን ገባ።

የድንጋይ ከሰል ጭነት ነው፤ ፉርጎው አያልቅም። ካሚል ክንዴን ጨምቆ «አየሽው? ተነሣ ወይ?» ይለኛል። አላየሁም። በባቡሩ መንኮራኩሮች መሃል አጎንብሼ ብመለከት ጭቃ ብቻ።

የመጨረሻው ፉርጎ ሲያልፍ ሜዳርድ ማዶ ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ለካ ጩኸቴን ሲሰማ፣ ካሚል ከኋላው ሾልኮ ባቡር የበላው መስሎት ኖሯል።

«አለህ?» አለው ካሚልን።

«አንተ ጅል፣ ምን ይገትርሃል? ንዳ እንጂ!» አለ ካሚል እያለቀሰ።

ተያይዘው ነጎዱ። መድረሻው ላይ ሜዳርድ በአንድ ጎማ ርቀት ቀደመ።

ከሰዓት በኋላ አለቃዬ መጡ። «ዝግ መዝጊያ ያለፈ ሰው ነበር?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ወንድሜ» አልኳቸው።

ማዶ ቆሞ ካሚልን ጠብቆ ነበር፤ ደንብ ግን ደንብ ነው። ዳኞቹ ድሉን ነጠቁት። ካሚልም የሰጡትን የአሸናፊ አበባ አልቀበልም አለ። ሜዳርድ ዓመቱን ሙሉ ቤቴን አልረገጠም፤ ስለ እኔ ሲያነሡበት «እሷ የባቡሩ እህት ናት» ይል ነበር።

በዓመቱ እዚያው ውድድር ላይ ብቻውን እየመራ መጣ። መዝጊያው ወርዷል። ፍሬን ይዞ አንድ እግሩን መሬት አስነካ። ተከታዮቹ ከኋላ ይታያሉ።

«ስንት ደቂቃ?» አለ፣ ሳያየኝ።

«ሁለት።»

ደረሱበት፤ አራተኛ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ለድል ያን ያህል አልቀረበም፤ ጦርነቱም መጣ። ውድድሩ በተደረገበት በዚያው እሁድ ግን ቤቴ መጥቶ በቢራ የሠራሁትን ጥንቸል በላ። «ጨው አብዝተሻል» አለኝና እንድጨምርለት ሰሃኑን ዘረጋልኝ።