ጋሽ ፈለቀ ፎቶ ቤት የተማርኩት ግጥም

«ጠባሳው ይጥፋ አልኩ እኮ! ስንት ጊዜ ልናገር?»

«ሰማሁ፣ አቶ ዳኘው። ፊቷም አብሮ ይጠፋል ነው የምልህ።»

«ቢጠፋስ? ሰውዬው የሚያየው ፎቶውን ነው።»

«ሲመጣስ?»

«ሲመጣማ በሬዬን ያያል፤ ጎተራዬን ያያል። ያን ጊዜ ማን ፊት ያያል፣ ጋሽ ፈለቀ?»

ሥራ የጀመርኩት በዚህ ጭቅጭቅ መካከል ነው። ፍኖተ ሰላም ከአውራ ጎዳናው ዳር ካለው ፎቶ ቤት ደጃፍ ቆሜ፣ ግባ የሚለኝ አጥቼ እሰማለሁ። ጋሽ ፈለቀ ፎቶ አንሺው ነው። ዳኘው የቡሬ እህል ነጋዴ ነው። የሚጨቃጨቁባት ሴት፣ የዳኘው እህት እናኑ፣ በርጩማው ላይ ተቀምጣ ነጩን መጋረጃ ታያለች። በልጅነቷ ፈንጣጣ ወጥቶባት ነበር፤ ጉንጮቿና ግንባሯ ላይ ምልክቱ ቀርቷል። አንድ ጊዜ አግብታ ፈታለች። አሁን ደግሞ ዳንግላ የሚያስተምር ሰው ሽማግሌ ልኮ፣ «መጀመሪያ ፎቶዋን ልይ» ብሏል። ነገሩ ሁሉ በዚያ ፎቶ ላይ ተንጠልጥሏል።

ጋሽ ፈለቀ ድንገት ዞር ብሎ አየኝ።

«አንተ ደግሞ ምን ፈለግህ?»

«ሥራ።»

«ምን ትችላለህ?»

«ግጥም።»

እየሳቀ ጥቁሩን ጨርቅ ከካሜራው ላይ አነሣ። «እንግዲያው ና መጋረጃውን ያዝ። ገጣሚ ሲባል ክንዱ የበረታ ነው።» የመቀጠሬ ነገር በዚሁ አለቀ።

መጋረጃው ከመስኮቱ የሚገባውን ብርሃን የምናለሰልስበት አቡጀዲ ነው። ወደ ላይ ዘርግቼ ያዝኩት። ዳኘው ከጎን ሆኖ እህቱን ያዛል፤ «አንገትሽን ቀና! አፍሽን ግጠሚ! እንደ ሰው ተቀመጪ እንጂ!» እናኑ እንደ ምሰሶ ደረቀች። ጋሽ ፈለቀ አነሣትና ሌላ ፊልም አስገባ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «እናኑ፣ በናንተ ቀዬ ወንዙ በየት በኩል ነው?» አላት።

ፊቷ ብቻ ትንሽ ወደ ግራ ዞረ፤ ዓይኗ ግድግዳውን አልፎ ሄደ፤ ጉልበቷን ጨምድዶ የያዘው እጇ ተፈታ። ጋሽ ፈለቀ ያን ጊዜ አነሣት። ዳኘው ጨዋታ መስሎት፣ «ወንዙን ተወውና ፊቷን አንሣ» አለ።

የፎቶ ወረቀታችን ሊያልቅ ደርሶ ነበርና የቀረችው ለመታወቂያ ፎቶ ተያዘች። አዲሱ ወረቀት ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ዝናቡም መንገዱም አዘገዩት። እኔ በዚያ ጊዜ ሥራ ተማርኩ።

መጀመሪያ ውኃ ቀጂ ነበርኩ፤ የታጠበ ፎቶ ብዙ ውኃ ይጠጣል። ቀጥሎ ከጨለማው ክፍል የወጣውን በገመድ ላይ ማስጣት፣ ከዚያ ጠርዙን መቁረጥ። መጨረሻ ላይ እርሳስ ተሰጠኝ። ፎቶው በሚታተምበት ፊልም፣ በኔጋቲቡ ላይ፣ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ ነው የሚታየው። የጠባሳው ጥላ በኔጋቲቡ ላይ ባዶ ነጥብ ይሆናል። ነጥቡን በቀጭን እርሳስ ከሞላኸው ወረቀቱ ላይ ቆዳው ለስላሳ ሆኖ ይወጣል።

ጋሽ ፈለቀ ሥራውን አዲስ አበባ ከአንድ አርመን ዘንድ ነው የተማረው። ስለ እርሳሱ አንድ ሕግ ነበረው። «ብጉር የሳምንት እንግዳ ነው፤ አጥፋው። ጠባሳ ግን የቤቱ ባለቤት ነው፤ ሳታስፈቅድ አትንካው።»

ደንበኞች ፎቶ ሲወስዱ ከጀርባው ላይ ግጥም ያስጽፋሉ። ይህ የእኔ ሥራ ሆነ። ለወታደሩም፣ ለዲያቆኑም፣ ከገብዘ ማርያም በቅሎውን ይዞ መጥቶ አብሯት ለተነሣው ገበሬም አንድ ዓይነት እጽፍ ነበር፦

ሥጋዬ ቢርቅም መልኬ ካንቺ አይጥፋ፣
ፎቶዬን ስታዪ ልብሽ ይስፋፋ።

ገበሬው እንዳነብለት ጠየቀኝ። ሲሰማ ጊዜ፣ «ለወንድሜ እኮ ነው የምልከው» አለኝ። ጋሽ ፈለቀ ሦስት ቀን ሙሉ «ልብሽ ይስፋፋ» እያለ ሲጠራኝ ሰነበተ።

እፍረቱ ግን ጠቀመኝ። ጋሽ ፈለቀ ሰው ሲያነሣ ቆሜ ማየት ጀመርኩ። አይቸኩልም። ያወራል፣ ይጠይቃል፣ ሰውየው ፎቶ መነሣቱን እስኪረሳ ይጠብቃል። ሽማግሌውን ስለ ከብቱ፣ ካህኑን ስለ ደብሩ፣ ሴቷን ስለ ወንዙ። እኔስ? ማንንም ሳላይ ነው የምገጥመው። ቤት ይምታልኝ ብዬ ጨረቃ የሌለችበት ሰው ላይ ጨረቃ አስቀምጣለሁ። ይህም ያው የእርሳስ ሥራ ነው።

ስለዚህ ሌላ ነገር ሞከርኩ። በርጩማው ላይ ከተቀመጠው ሰው አንድ ነገር ብቻ እመርጣለሁ፦ የተሰነጠቀ አውራ ጣት፣ ለፎቶ ተብሎ የተዋሰ ኮት። እሱን ባየሁት መጠን እጽፋለሁ፤ ቤት ባይመታም እንዳለ እተወዋለሁ። እንዲህ ያለ ግጥም ከማንም አልሰማሁም ነበር፤ ልክ ይሁን ስሕተት የምጠይቀው ሰው አጣሁ።

አንድ ቀን ቅኔ የሚያስተምሩ የኔታ ሊነሡ መጡ። ስለ አንድ የቡሬ አካባቢ አገው ገበሬ የጻፍኩትን አነበብኩላቸው።

«ቤት አይመታም» አሉ።

«አዎ፣ የኔታ።»

«ዜማም የለው።»

«የለውም።»

ጭራቸውን ወዲያ ወዲህ አወናጨፉ። «ሰውየውን ግን ገበያ ላይ ባገኘው አልስተውም። ለተማሪዎቼ እንዳታሳይብኝ።»

ወረቀቱ ሲመጣ ጋሽ ፈለቀ የእናኑን ሁለቱንም አጠበ። በመጀመሪያው ላይ ዳኘው እንዳዘዘው በእርሳስ ሠርቶበታል፤ ፊቷ እንደ አዲስ ሰሃን ጠርቷል። ሁለተኛውን አልነካውም። «ከጀርባቸው ጻፍ» አለኝ። በጠራው ላይ ያችን የተለመደች የጨረቃ ግጥሜን ጻፍኩ። ባልተነካው ላይ እንዲህ፦

ወንዙ በስተግራዋ ነው።
ፊቷ ዝናብ የጀመረው መንገድ ነው፤
የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች አቧራው ላይ አርፈዋል።
ሌላው ገና ደመናው ውስጥ አለ።

ጋሽ ፈለቀ አነበበው። «ያስደበድብሃል» አለና ከሌላው አጠገብ አኖረው።

በገበያ ቀን ወንድምና እህት መጡ። ዳኘው የጠራውን አንሥቶ ፊቱ በራ። «ይኸውልሽ! ይህ ነው እንጂ!» ከዚያ ሁለተኛውን ገለበጠና የጀርባውን ጮክ ብሎ አነበበ። ሁለተኛው መስመር ላይ ቆመ።

«ይህ ምንድን ነው? ስድብ ነው ምርቃት?»

ወደ እናኑ ዞርኩ።

«ወንድም ጋሼ፣ እስኪ ድገመው» አለች እናኑ። በዚያ ፎቶ ቤት ድምፅዋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ደገመው። እስኪጨርስ ሰማችና እጇን ዘረጋች። «ይችኛዋን ነው የምልክ።»

«አብደሻል? ሰውዬው እንዲሸሽ ነው?»

«ከሸሸ እዚያው ዳንግላ ሆኖ ይሽሽ። ቤቴ ገብቶ ከሚሸሽ።»

«እናኑ፣ እኔ እኮ ክፉ አላሰብኩብሽም። ያኔ ፈንጣጣው ሲይዝሽ ማን አስታመመሽ? ሰው ሁሉ ደጃችንን ሲሸሽ ማን አዘለሽ? ያንን ምልክት ባየሁ ቁጥር ያን ጊዜ ይመጣብኛል። ቢጠፋ ደስ ይለኛል፤ ይኸው ነው።»

ጠጋ ብላ ትከሻውን ያዘችው። «አውቃለሁ፣ ወንድም ጋሼ። አንተ ባታዝለኝ አልኖርም ነበር። ግን አንድ ጊዜ በዓይነ ርግብ ሸፍናችሁ ሰጣችሁኝ። ያ ባሌ ሲገልጠኝ ምንም አላለም። አብረን እስከኖርን ድረስ ግን በቀን ቀና ብሎ አላየኝም። አሁን ደግሞ በእርሳስ ልትሸፍኑኝ?»

ዳኘው ወደ ጋሽ ፈለቀ ዞረ። «አንተስ ምን ትላለህ? አንተ ብትሆን የትኛውን ትልካለህ?»

«እኔ ፎቶ አንሺ ነኝ። መልኩ የሷ ነው።»

ከዚያ ወዲህ በእርሳስም በብዕርም የምሠራው በዚህ ሕግ ነው። መልክ የባለቤቱ ነው። የእኔ ሥራ እስኪታይ መጠበቅና ያየሁትን ማስቀመጥ ነው፤ ቤት ቢመታም ባይመታም።

ከመንገዱ ማዶ የዳንግላው አውቶቡስ ሞተሩን አስነሥቶ ነበር። እናኑ ያልተነካውን ፎቶ በነጠላዋ ጫፍ ጠቀለለችው። «ለሹፌሩ ልስጠው፤ ሳያመልጠኝ» አለች።

«ቆይ፣ እኔ ልስጥልሽ» አለ ዳኘው፤ የጠራው ፎቶ አሁንም በእጁ ነው።

«ግድ የለም፣ ወንድም ጋሼ። ራሴ እሰጠዋለሁ።»

ወጣች፤ በሩም ከኋላዋ ተዘጋ።