የጭማሪው ኬክ

ሄግ ያለው የሆላንድ ምክር ቤት ዝቅተኛውን ደሞዝ በሕግ ከፍ ያደረገ ሰሞን፣ እኔ ዴልፍት ከተማ አጠገብ ባለ መጋዘን አበባ አሽግ ነበር። አለቃችን ሕጉ ገና ክርክር ላይ ሳለ ጀምሮ «ይሄ ነገር ያከስረኛል» እያለ ጆሯችንን ሲያደነቁረው ከርሟል።

አዲሱ ደሞዝ የገባ ቀን ጠዋት ግን ምን ሰይጣን እንደገፋኝ እንጃ፣ ወሎ እንዳደግኩት ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ጨበጥኩትና አመሰገንኩት። ልማድ ነዋ! እኛ ዘንድ የሚመሰገነው ገንዘቡን የሰጠው እጅ ነው፤ ማን አስገደደው ብሎ የሚጠይቅ የለም። አለቃዬ መጀመሪያ ግራ ተጋባ። ከዚያ ፊቱ በራና «ምንም አይደል፣ ይገባሃል» አለኝ። ሰውየው በዚያች ደቂቃ ጭማሪውን ከራሱ ቸርነት እንደሰጠኝ አመነ። ያሳመንኩት ደግሞ እኔው ነኝ።

ቀጥሎ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ «እዚህ አገር ደስታ ያገኘ ሰው ነው ለባልደረቦቹ ኬክ የሚያመጣው» ሲል አስታወሰኝ። እውነቱን ነው፤ ሆላንዶች የልደታቸውን ኬክ እንኳ ገዝተው የሚመጡት ራሳቸው ናቸው። ከሥራ ስወጣ ሄግ፣ ትራንስቫል ሰፈር ያለው ገበያ ገባሁና በማግስቱ ትልቅ ኬክ ተሸክሜ መጣሁ።

ቢላውን የያዘው አለቃዬ ነው። ለራሱ ክሬም የበዛበትን ጥጉን አነሳ። ለእኛ ለአሻጊዎቹ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ስስ ቁራጭ አደለን። የምክር ቤቱ ሰዎች የደሞዙን ዝቅተኛ ልክ አወጡ እንጂ፣ የኬኩን ለአለቃዬ ትተውለታል።