አልጋ ሥር የገባው ፔርሙዝ

ባለፈው ሳምንት የሥራ ባልደረባዬ ቤት ሻይ እየጠጣን ዝናብ ጣለ። ቦንጋ ውስጥ ዝናብ ብርቅ አይደለም። ባሏ የበሩን ደፍ በኃይል እየረገጠ የቦት ጫማውን ጭቃ ሲያራግፍ ሰማሁ።

ደርግ ወድቆ በአካባቢያችን ቋንቋ በካፊኖኖ መማር በተጀመረ ሰሞን ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ ጭቃውን ሲያራግፍ ድምፁን አዳምጣለሁ። ቀስ ካለ ሰላም ነው፤ ደፉን በኃይል ከረገጠው እናቴን መምታቱ አይቀርም። ያኔ የሚሰበር ዕቃ ሁሉ አልጋ ሥር አስገባለሁ። የማንኛውም ልጅ ሥራ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ጓደኛዬ አስቴር ቤት ስናጠና አባቷ ጋሽ ወልዴ ደፉን በኃይል ረገጡት። ብድግ ብዬ ፔርሙዙንና ብርጭቆዎቹን አልጋ ሥር ከተትኩና በሩ ጀርባ ቆምኩ። አስቴር ሳቀች። ጋሽ ወልዴ "ይሄ ጭቃ አልለቅ አለኝ እኮ" እያሉ ገቡ። እናቷ እትዬ አልማዝ ግን አልሳቁም። አልጋውን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

"ልጄ፣ እዚህ ቤት ፔርሙዝ አይደበቅም" አሉኝ ቀስ ብለው። "አምጪውና ለጋሼ ሻይ ቅጂላቸው።"

ቀዳሁ። ጋሽ ወልዴ መረቁኝ።

ከዚያ ወዲህ እዚያ ቤት አልሄድኩም፤ የቤታችንን ጉድ ያወቁብኝ መሰለኝ። አስቴር ከትምህርት ቤት ስንወጣ በር ላይ ትጠብቀኛለች፣ እኔ በጓሮ በኩል ዞሬ እሄዳለሁ። በመጨረሻ መጠበቁን ተወችው።

የባልደረባዬ ባል ገባና እየሳቀ እጁን ዘረጋልኝ። መጨበጥ አልቻልኩም። ፔርሙዛቸውን በሁለት እጄ አቅፌ ቆሜ ነበር።