የእንቁራሪት ጠበቃዋ ወይዘሮ ዘሃራ

ወይዘሮ ዘሃራ አባ ጊዲ ባለፈው ሐሙስ ማለዳ ጅማ መርካቶ ሰፈር በሚገኘው የአባታቸው ቤት አርፈዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በዚያው ዕለት ከዙሁር ሶላት በኋላ ተፈጽሟል። ሞታቸውን ዘግይታችሁ ለሰማችሁ፣ ከየቡም ሆነ ከሰኮሩ ለመምጣት መኪና ላጣችሁ፣ በምሳ ሰዓታቸው ማመልከቻ ጽፈውላችሁ ስማቸውን እንኳ ሳትጠይቁ ለሄዳችሁ ሁሉ ይህን የምጽፍላችሁ ስንታየሁ እባላለሁ። በመንግሥት ዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት በእሳቸው ሥር የሠራሁ፣ ሙያውንም ከእሳቸው የተማርኩ ሰው ነኝ።

በሐዘን ጽሑፍ ውስጥ ንዴት ማስገባት ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን አልቻልኩም። ቅዳሜ ዕለት መሥሪያ ቤታችን በስብሰባ አዳራሹ የመታሰቢያ ዝግጅት አድርጎ ነበር። ኃላፊያችን ወረቀት ዘርግቶ «የተፈጥሮ ሀብታችን ታማኝ ዘብ» እያለ አነበበ። የእሳቸውን ስም ሁለት ጊዜ ተሳስቶ ጠራው። ወረቀቱን ሌላ ሰው እንደጻፈለት፣ እሱም ከዚያች ደቂቃ በፊት አንብቦት እንደማያውቅ ግልጽ ነበር። አዳራሹ አጨበጨበ። ይህን ሰው አንቱ ማለት እንደሚገባኝ አውቃለሁ፤ ዛሬ ብዕሬ እምቢ ብሎኛል። አንቱታዬን በሙሉ ለእሳቸው አድርጌዋለሁ። «የእንቁራሪት ጠበቃ» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣላቸውና ለዓመታት ከኮሪደር ኮሪደር ሲያስቅበት የኖረው እሱ ነውና።

ወይዘሮ ዘሃራ የልብስ ሰፊ ልጅ ናቸው። መጀመሪያ የተቀጠሩት በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ሲሆን፣ ሕጉን እየሠሩ ተምረው ዐቃቤ ሕግ ሆኑ። ሥራቸውም አንድ ሰው ወይም ድርጅት የሕዝብ የሆነውን ወንዝ፣ ደን ወይም አፈር ሲያበላሽ መንግሥትን ወክለው መክሰስ፣ የተበላሸውም ወደ ነበረበት እንዲመለስ ማስፈረድ ነበር። በወረቀት ላይ ትልቅ ሥራ ነው። በእኛ ቤት ግን ግዞት ነበር። ቢሯቸው የተሰበሩ ወንበሮች ከሚከማቹበት ክፍል ጎን ነው። ብልጦቹ የመሬትና የግብር ጉዳይ ለመያዝ ሲሻሙ፣ ወደዚያ ክፍል የሚላከው ዘመድ የሌለው አዲስ ምሩቅ ነበር። እኔ የተላክሁትም ለዚህ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ፍርድ ቤት የምቀርብ ዕለት የኮቴ ቁልፍ ተበጥሶ እጄ ላይ ቀረ። ወይዘሮ ዘሃራ ከቦርሳቸው መርፌና ክር አወጡ። ያለ መርፌ ከቤት ወጥተው አያውቁም፤ የአባታቸው ቤት ያስለመዳቸው ነው። ኮቱን ሳያስወልቁኝ እየሰፉ ስለ ማስረጃ አስተማሩኝ።

«ማሎ፣ እባክህ አትንቀሳቀስ። ዳኛው ፊት ስትቆም ምን ተበላሸ ብለህ አትጀምር። መጀመሪያ ምን ነበረ በል። የነበረውን ያላሳየ ሰው የጠፋውን ማሳየት አይችልም» አሉኝ። ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና «ቶሌ፣ እሺ፣ አሁን ሂድ» ብለው ጀርባዬን መታ አደረጉኝ።

የሠሩትም እንዲሁ ነበር። ከየቡ ወዲያ ባለ አንድ ቀበሌ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ አለ። ከጥቅምት ጀምሮ ቀይ ቡና እየፈለፈለ፣ ገለባውንና የኮመጠጠውን እጣቢ ማጣሪያ ጉድጓድ ሳይቆፍር በቀጥታ ወንዝ ውስጥ ይለቅ ነበር። ውሃው ይጠቁራል፣ ይገማል፣ የነካው ቆዳ ያሳክካል፤ ከብቱም ቀምሶ ይመለሳል። አቤቱታ ሲመጣ የሌላ መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች ጣቢያው በር ላይ ሻይ ጠጥተው ፎቶ ተነሥተው ይመለሱ ነበር። ወይዘሮ ዘሃራ ግን ጫማቸውን አውልቀው ልብስ ከሚያጥቡት ሴቶች ጋር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኔ ኦሮምኛ ስለማላውቅ በየመሐሉ እየተረጎሙልኝ፣ ከልጅነታችሁ ጀምሮ በዚህ ወንዝ ምን ነበረ እያሉ ጠየቁ። ሴቶቹም ቄጤማውን፣ ዓሣውን፣ ልጆች የሚዋኙበትን ጥልቅ ቦታ፣ ውሃ የሚቀዱበትን ምንጭ አንድ በአንድ ነገሯቸው። በመጨረሻ አዴ ፋጡማ የሚባሉ አሮጊት ሳቅ ብለው ተናገሩ።

«ራቻውስ? ሰኔ ሲገባ የእንቁራሪቱ ጩኸት ወላሂ የመግሪብን አዛን አያሰማንም ነበር። ባሌ ድንጋይ ይወረውርባቸው ነበር፣ ዝም እንዲሉ። አሁን ዝም አሉ። ባሌም ሞተ፣ እነሱም የሉም።»

ወይዘሮ ዘሃራ አልሳቁም። ጻፉት። በክስ ማመልከቻውም ላይ ከቄጤማውና ከዓሣው ቀጥሎ «እንቁራሪት፦ ቀድሞ በክረምት መግቢያ ይሰማ የነበረ፣ አሁን የማይሰማ» ብለው አሰፈሩት። ኃላፊያችን ይህን መስመር በሰኞ ስብሰባ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበና እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ቅጽል ስማቸው የወጣው በዚያ ሰኞ ነው።

ክሱ እንደተከፈተ የጣቢያው ባለቤት ሽማግሌ ላከ። በአገሬው አጠራር ጃርሱማ ይባላል፤ እኔ የምንቀው ነገር አይደለም። በዚህ አገር ደም የደረቀው፣ ባልና ሚስት የታረቀው በእሱ ነው። ሰውየው በሬ አረደ፣ ለመስጊዱ ጣሪያ ቆርቆሮ ሰጠ፣ የቀበሌው ሰዎችም ይቅር አሉት፤ ፋቲሃ ተቀራ። ኃላፊያችንም በእንግድነት ተጠርቶ ከበሬው ድርሻውን በልቶ፣ ጥርሱን እየጎረጎረ መጣና ጉዳዩ አልቋል አለን። «ሕዝቡ ከታረቀ መንግሥት የሚከስበት ምክንያት የለም፤ ክሱን እናነሳለን፤ ቃለ ጉባኤ ይያዝ» አለ። ሕግ ተምሯል የሚባለው ይህ ሰው፣ በሬ ስለታረደ ወንዝ የጠራ መሰለው።

ወይዘሮ ዘሃራ እጃቸውን አወጡ። «ሰዎቹ በራሳቸው ላይ የደረሰውን ይቅር ብለዋል፤ መብታቸው ነው፣ አላህ ይቀበላቸው። ወንዙ ግን የእነሱ ብቻ አይደለም። ወደ ታች ስንት መንደር አለ፤ ገና ያልተወለደም አለ። እነዚያን ማን ጠርቶ አስታረቃቸው?»

«ታዲያ ለእንቁራሪቶቹም በሬ ይታረድላቸው?» አለ ኃላፊያችን።

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ይህን የምጽፈው ሌሎቹን ሳዋርድ ራሴን ከኋላ እንዳልደብቅ ነው።

ቃለ ጉባኤውን የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ዘሃራ ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«ትፈርማለህ፤ አውቃለሁ። ገና ጀማሪ ነህ፣ ልጅ ወልደሃል። ከመፈረምህ በፊት ግን አንድ መስመር ጨምርልኝ» አሉኝ። እሳቸው እየነገሩኝ ጻፍሁት፦ በወንዙና በውስጡ ባለው ሕይወት ላይ የደረሰውን ጉዳት በሚመለከት እንደገና ክስ የማቅረብ መብት እንደተጠበቀ ነው። ኃላፊያችን ሳያነብ ፈረመ፤ ማንበብ የበታች ሠራተኛ ሥራ ይመስለዋል። እኔ አንብቤ ፈረምሁ። ወይዘሮ ዘሃራ ልዩነታቸውን አስመዘገቡና ፋይሉን አምጥተው እኔ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጡት። «አንተ ጠብቅልኝ» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ብዙም ሳይቆዩ ጡረታ ወጡ። የስንብት ዝግጅት አልተደረገላቸውም፤ አዳራሹ በሌላ ስብሰባ ተይዟል ተባለ። ቅዳሜ ግን ለመታሰቢያቸው ባዶ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ ጃንጥላቸውን ይዘው እስከ የቡ በታክሲ፣ ከዚያ በባጃጅ፣ የቀረውን በእግራቸው እየሄዱ አመሻሽ ላይ ድልድዩ ላይ ቆመው ያዳምጡ ነበር። በማግሥቱ ጫማቸው ቀይ ጭቃ እንደለበሰ ቢሮዬ ይመጣሉ። ጭቃውን ኮሪደሩ ላይ ያየ ሁሉ ይጠቃቀሳል።

«ዘንድሮም ዝም ነው» ይሉኛል። ቀጥለው «ፋይሉ አለ?» ይላሉ።

«አለ፣ እትዬ።»

«ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው» ብለው ይሄዳሉ። ክስ ክፈት ብለውኝ አያውቁም። መብቱ እንደተጠበቀ፣ ለመክፈትም ሥልጣኑ ያለው እኔ እንደሆንኩ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። እኔ ደግሞ በየዓመቱ ምክንያት አላጣም ነበር፤ እድገት እየጠበቅሁ ነው፣ ኃላፊው ሊቀየር ነው፣ ወሬው ይብረድ። ጣቢያው በየጥቅምቱ እጣቢውን መልቀቁን ቀጠለ።

ዘንድሮ ሰኔ አልጋ ያዙ። አስጠርተውኝ ሄድሁ። ድምፃቸው ደክሞ ነበር። «ሂድና አዳምጥልኝ። ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ አመሻሽ ላይ። ጣቢያው ጋ ሳይሆን ድልድዩ ላይ ቁም» አሉኝ። እሺ አልኳቸው። በዚያው ሳምንት አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ስልጠና ገጠመኝና ሄድሁ። ስልጠናው ስለ ተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ነበር። ስመለስ ከመናኸሪያ በቀጥታ ወደ ቤታቸው ገባሁ።

«ሄድህ?»

«ሄጄ ነበር፣ እትዬ።»

«እሺ?»

«ይሰማሉ። ብዙ ናቸው።»

ዓይናቸው ጫማዬ ላይ ነበር። በሰኔ የየቡን መንገድ የረገጠ ጫማ እንደዚያ አያበራም። ከዚያ «አልሐምዱሊላህ» አሉና ልጃቸውን ሰዓዳን ጠሩ። «የእጅጌው ቁልፍ ላልቷል፤ መርፌዬን አምጪና ጥበቅ አድርጊለት፤ እኔ እጄ እምቢ ብሎኛል» አሏት። ሰዓዳ አጠገቤ ተቀምጣ ሰፋችልኝ። እሳቸው እስክትጨርስ ዓይናቸውን ከመርፌው አልነቀሉም። ለዋሸኋቸው ውሸት የከፈሉኝ ይህን ነው። ከዚያ ቀን በኋላ በሕይወት አላየኋቸውም።

ለቅሶው ላይ የጣቢያው ባለቤት መጣ። ከፊት ተቀመጠ፤ ዱአው ላይ እጁን ከሁሉም ከፍ አድርጎ አነሣ። ለለቀስተኛውም የታሸገ ውሃ በመኪና አስጭኖ ልኮ ነበር። ሰዓዳ ካርቶኖቹን አንዱንም ሳትከፍት በር ላይ አስደረደረችና ለእንግዳው ከቧንቧ በጆግ እየቀዳች አቀረበች። ሰውየውም ከዚያው ጠጣ። ኃላፊያችን ግን አንዱን ካርቶን ራሱ ቀዶ ጠርሙስ አወጣ።

እትዬ ዘሃራ፣ የቀረውን ለእርስዎ ነው የምናገረው። በሕይወት እያሉ ፊት ለፊት ልነግርዎ ሲገባኝ ያልደፈርሁት ነገር ነው፣ ይቅር ይበሉኝ። አልሄድሁም ነበር፤ እርስዎም ያውቃሉ። እሑድ ግን ሄድሁ። ባጃጁ ጭቃው ላይ ትቶኝ ተመለሰ፣ የቀረውን በእግሬ ነካሁት። ዝናቡ ሲያባራ ድልድዩ ላይ ቆምሁ። አዴ ፋጡማ ከቤታቸው አይተውኝ ወጡና አጠገቤ ቆሙ። የመግሪብ አዛን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጥርት ብሎ ተሰማን። ዘንድሮም ዝም ነው።

ትናንት ሰኞ ፋይሉን ከመሳቢያዬ አወጣሁ። ክሱን እርስዎ በጻፉበት ቅደም ተከተል፣ እንቁራሪቷንም ሳልዘል እንደገና አዘጋጅቼ፣ መሸኛ ደብዳቤውን ለኃላፊዬ አቀረብሁለት። እንደ ልማዱ ሳያነብ ፈረመ። ዛሬ ጠዋት መዝገቡ ተከፍቷል። ምን እንደፈረመ ሲያውቅ ወደ የትኛው ክፍል እንደሚልከኝ አላውቅም፤ ከተሰበሩት ወንበሮች ጎን ከሆነ መንገዱን አውቀዋለሁ።

አላህ ማረፊያዎን ያስፋልዎ፣ እትዬ። ይህን ከመቃብርዎ አጠገብ ቆሜ ነው የማነብልዎ። ጫማዬን አልጠረግሁም፤ ይዩት።