የሳሎናችን ባሕር ጨው

ደባርቅ ላይ ጨው የቸገረው ሰው ቢፈለግ እኔ ነኝ። ጎረቤቶቼ ይህን ስነግራቸው ይስቁብኛል፤ ገበያው ጨው በጨው ነውና። እኔን የሚቸግረኝ ግን ወጥ ውስጥ የሚገባው ሳይሆን፣ በውሃ ሲበጠበጥ ባሕር የሚሆነው ነው። ሳሎናችን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጎን የመስታወት ገንዳ አለን። እዚያ ውስጥ ነጭ መቀነት የታጠቁ የሚመስሉ ሁለት ብርቱካንማ ዓሦችና እንጉዳይ የመሰለ፣ አናቱ ላይ ትናንሽ ጣቶች ያሉት አንድ ኮራል ይኖራሉ። ኮራል እንስሳ ነው ብዬ ለሰው ማስረዳት ካቆምኩ ቆየሁ። ደክሞኛል።

ገንዳው የአባቴ ነው። አባቴ ዳባት ተወልደው፣ ባሕር ሳያዩ አድገው፣ በወጣትነታቸው ምጽዋ ወርደው መርከበኛ ሆኑ። ካረጁ በኋላ ነገር መርሳት ጀመሩ፤ መጀመሪያ ቁልፍ፣ ቀጥሎ የጎረቤት ስም፣ ቀጥሎ የእናቴን መሞት። አንድ ቀን ወደ ሽሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ብቻቸውን ሲሄዱ አንድ ባለባጃጅ አግኝቷቸው መለሰልኝ። "ወደ ባሕሩ ነው የምሄደው" ብለውታል። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ይህን ሲሰማ ነው ገንዳውን በመኪና ጭኖ ያመጣው። እሱ አመጣውና ተመልሶ ሄደ፤ ባሕሩ ለእኔ ቀረ።

አልዋሽም፣ ነገሩ ጠቅሟል። አባቴ ወንበራቸውን ስበው ከገንዳው ፊት ይውላሉ፤ መንገድ መውጣቱን ትተዋል። ጠዋት ጠዋት ጣታቸውን ውሃው ውስጥ ነከር አድርገው ይቀምሱና "ምጽዋ ነው" ይላሉ። አንድ ጊዜ ውሃ ስቀይር ጨው አሳንሼ ኖሮ፣ ቀምሰው ፊታቸውን አጨማደዱና ኮታቸውን አንሥተው ወደ በሩ ሄዱ። በሩን ተደግፌ እየለመንኩ ነው ያስቀረኋቸው። ከዚያ ወዲህ የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያ ውሃ ምጽዋ መሆኑን የተወ ቀን አባቴ ወጥተው ይሄዳሉ።

ስለዚህ ጨው አንለውጥም ነበር። ወንድሜ በሰማያዊ ባልዲ የሚሸጥ አንድ ዓይነት ጨው ያውቃል፤ እሱን በአውቶቡስ ይልክልኛል። ዘንድሮ ያ ጨው ከአዲስ አበባም ጠፋ። በምትኩ በነጭ ከረጢት ሌላ ዓይነት ላከና ደወለልኝ።

"ስሚኝ፣ በአንዴ እንዳትቀይሪው። ከአሮጌው ጋር እያደባለቅሽ፣ የአዲሱን መጠን በየሳምንቱ ከፍ እያደረግሽ ነው። ኮራሉ ድንገተኛ ለውጥ አይወድም።"

"ማን ይወዳል?" አልኩት። ሳቀ። እኔ የተናገርኩት ለሳቅ አልነበረም።

ከአሮጌው ጨው ግማሽ ባልዲ ያህል ቀርቶን ነበር። የክረምቱ ጉም ገብቶበት ደንድኗል፤ እየፈረከስኩ እጠቀምበታለሁ ብዬ ጓዳ አስቀምጬዋለሁ። አንድ ቀን ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ ባልዲው ታጥቦ ተደፍቶ አገኘሁት። የአባቴ ታናሽ እህት ከዳባት ልትጠይቃቸው መጥታ ውላ ሄዳለች። ደወልኩላት።

"አክስቴ፣ ባልዲው ውስጥ የነበረው ጨው የት ገባ?"

"ለከብቶቹ ወሰድኩት የኔ ልጅ! ይኸ ደርቆ ድንጋይ የሆነ ጨው ለዓሦቹ ምን ያደርግላቸዋል ብዬ ነው። ላሞቹ እንዴት አድርገው እንደላሱት ብታዪ! እግዜር ይስጥሽ።"

ምን ይባላል? እኛ አገር የደነደነ ጨው ያየ ሰው ትዝ የሚለው ላም ነው። እሷ ደግሞ ከልቧ እየመረቀችኝ ነው። "አሜን" አልኩና ስልኩን ዘጋሁ፤ ከዚያ ባዶውን ባልዲ በእግሬ መታሁት።

የቀረኝ መንገድ በአዲሱ ጨው የበጠበጥኩትን ውሃ በጥቂት በጥቂቱ መቀየር ነበር። በየቀኑ ከገንዳው አንድ ጆግ እቀዳለሁ፣ አንድ ጆግ እጨምራለሁ። የቧንቧው ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ውሃውን ለዓሦቹ የማጣራበት ማጣሪያ ደግሞ ጠብ ጠብ እያለ ባልዲ እስኪሞላ ትዕግሥት ይጨርሳል። መብራት ሲጠፋ የደባርቅ ብርድ ዓሦቹን እንዳይገድላቸው ሙቅ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ሞልቼ ገንዳው ውስጥ አንሳፍፋለሁ። የተማሪዎቼን ፈተና የማርመው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ወገቤ ያመኛል። ኮራሉም አኩርፎ ጣቶቹን ሰብስቦ ተቀመጠ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የአባቴ ዝምታ ነው። አሁንም ጠዋት ጠዋት ይቀምሳሉ፤ "ምጽዋ ነው" አይሉም፣ "አይደለም"ም አይሉም። ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ እንዳደረጉ ያስባሉ። እኔ የግቢውን በር ቆልፌ ቁልፉን ይዤ መዋል ጀመርኩ። የገዛ አባቴ ላይ በር መቆለፌ አሳፈረኝ።

አንድ እሑድ ጠዋት የተጣራውን ውሃ በባልዲ ገንዳው አጠገብ አስቀምጬ ማማሰያ ላመጣ ወደ ማድ ቤት ሄድኩ። ስመለስ አባቴ ከወንበራቸው ወርደው ባልዲው ላይ አጎንብሰዋል። ጣታቸውን ነከሩ፣ ቀመሱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ፊታቸው እንዲህ ሲፈካ ካየሁ ብዙ ጊዜዬ ነው።

"ምጽዋ ነው" አሉኝ። "ይኸዋ! መቼ ጠፋኝና!"

የጨው ከረጢቱ እንደታሰረ ነበር፤ ባልዲው ውስጥ ጨው ገና አልገባም።

"አዎ አባባ፣ ምጽዋ ነው" አልኳቸው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ከእንግዲህ የትኛውም ጨው ቢመጣ ይሆናል፤ ጨው ባይኖርም ይሆናል፤ አባቴ የትም አይሄዱም። ማማሰያውን ይዤ መሬት ላይ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ። ያን ሁሉ ጊዜ ስፈራው የኖርኩትን ቁጣ ፈለግኩት፤ "ይህ ባሕር አይደለም፣ አታታልይኝ" ብለው ባልዲውን ቢደፉብኝ ምንኛ በወደድኩ። እሳቸው ግን ደጋግመው ቀመሱ፣ ራሴን ዳበስ አደረጉኝና ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

ከረጢቱን ከፍቼ ጨዉን መበጥበጥ ጀመርኩ። ዓሦቹ ባሕርን ገና ይለያሉ።