ሰጋቱራ ሲያንቀው

በእትዬ ሸዋዓለም ጋራዥ መኪና ገብቶ አያውቅም። መሀሉን የያዘው እንጨት እያሽከረከረ የሚያስቀርጽ ማሽን፣ የእንጨት ቶርኖ ነው። እሳቸው አዲስ አበባ፣ አንድ የሚሲዮን ወርክሾፕ ውስጥ፣ በልጅነታቸው የአልጋ እግር መቅረጽ ተምረዋል። እኔ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ፣ ፋልከንሪጅ የሚባል ሰፈር ቤዝመንታቸውን ተከራይቼ ዩኒቨርሲቲ እማር ነበር።

ያን ጊዜ የነዳጅ ገንዘብ ካልጋሪን አሳብዷት ነበር። ሳድል ሪጅ በሚባለው አዲስ ሰፈር ትናንት ሣር የነበረው ሜዳ ጠዋት ስናየው ጣሪያ አብቅሎ ይገኛል። እትዬ ሸዋዓለም ለአዲሶቹ ቤቶች የኪችን ካቢኔ በሚሠራ ድርጅት በር ሲያለሰልሱ ይውላሉ። ባላቸው ጋሼ ወልደየስ ደግሞ ሰሜን፣ የነዳጅ ሪግ ላይ ድሪለር ነበሩ፤ መሬቱን የሚበሳውን ማሽን የሚያዙት እሳቸው ናቸው። ጥቅምት ላይ የሚበሳው ብረት በተጠራቀመ አፈር ታንቆ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀረቀረ። በኃይል ሲጎተት ሰንሰለት ተበጠሰና ረዳታቸውን አሞጽን መታው። አሞጽ እዚያው ሞተ። ጋሼ ወልደየስ ጭረት እንኳ ሳይነካቸው ቤት ገቡ፣ አልጋቸው ላይ ወጡ፣ ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል አልተናገሩም።

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ዘይት ቀብተው ጸለዩላቸው። ዶክተሩ ግን እስከ ፋሲካ ካልተናገሩና በወጉ ካልበሉ ሆስፒታል እናስተኛቸዋለን አለ። እትዬ ሸዋዓለም የፈሩት ይህንን ነው። «አንዴ ከገባ አይወጣልኝም» ይላሉ።

የጣሪያው መብራት ዓይናቸውን ስለሚወጋቸው ጋሼ ወልደየስ ብርድ ልብስ ተከናንበው ይውሉ ነበር። ስለዚህ እትዬ ሸዋዓለም ረጅም የቁም መብራት ሊሠሩላቸው ተነሡ፤ ገመዱ በእንጨቱ ልብ ውስጥ የሚያልፍ። የጸሎት ጓደኛቸው ጽጌሬዳ ሳቀችባቸው።

«ሸዋዬ፣ አይኬያ ሱቅ ሞልቶ የለም እንዴ? መብራት ነው እኮ፣ የኖኅ መርከብ አደረግሽው።»

«እጄ ሥራ ከፈታ እኔም ከጎኑ እተኛለሁ» አሏት።

እንጨቱ ጋሼ ወልደየስ ራሳቸው ከጓሮ የቆረጡት፣ በርች የሚባል ነጭ ልጥ ያለው ዛፍ ነበር። የገመዱ ቀዳዳ ሲበሳ እኔ የሚዞረው መሰርሰሪያው ይመስለኝ ነበር። ለካ የሚዞረው እንጨቱ ነው! ረጅሙ ብረት ሳይዞር ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ግንዱ በዙሪያው ይሽከረከራል። አፌን ከፍቼ ቆሜ አየሁ።

«መጀመሪያ ቀዳዳው፣ ቀጥሎ ውጩ» አሉኝ። «ቀዳዳው ቢዛነፍ እንኳ ውጩን በሱ ልክ ትፍቀዋለህ። ውጩን ቀድመህ ካሳመርከው ግን መሰርሰሪያው በጎኑ ይወጣብሃል።»

ትንሽ ከገባ በኋላ መሰርሰሪያውን ስቦ ማውጣት፣ ሰጋቱራውን ማራገፍ፣ እንደገና መግፋት ያስፈልጋል። ካልተራገፈ ሰጋቱራው ተጠቅጥቆ ብረቱን ያንቀዋል፤ ድምፁ ይወፍራል፣ እንጨቱ ይጤሳል፣ ኋላም ይሰነጠቃል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ድካም አሸንፏቸው ነው መሰለኝ ማራገፉን ዘነጉ። ድምፁ ወፈረ። ያኔ ከወዲያ፣ ከመኝታ ቤቱ በኩል፣ ግድግዳው በኩባያ ይደበደብ ጀመር። ቶርኖውን አጥፍተው ሮጡ፤ እኔም ተከተልኳቸው።

ጋሼ ወልደየስ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለዋል።

«አውጣው፣ አሞጽ። ታንቋል። አውጣው እንጂ።»

እትዬ ሸዋዓለም በሩ ላይ ቀሩ። የበረዶውን ክረምት ሙሉ የጠበቁት ድምፅ መጣ፤ የመጣው ግን ሌላ ሰው ሊጠራ ነው።

«እኔ ነኝ፣ ወልዴ። ሸዋዬ ነኝ።»

ጋሼ ወልደየስ እንደ መስኮት አሳልፈው አዩዋቸው። ፊታቸው እንደገና ይደነዝዝ ጀመር፣ እጃቸው ብርድ ልብሱን ይፈልግ ነበር። እትዬ ሸዋዓለም ይህን ሲያዩ ተጣድፈው፣

«አወጣሁት» አሉ።

«ጠረግከው?»

«ጠረግሁት።»

«አንተስ? ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ።»

ጋሼ ወልደየስ ትራሳቸውን ተደግፈው የቀረበላቸውን ሾርባ ጠጡ። እትዬ ሸዋዓለም ኮሪደሩ ላይ ወጥተው ግድግዳውን ይዘው ቆሙ፤ ሰጋቱራ የለበሰ ጣታቸው ቀለሙ ላይ አምስት መስመር ጥሎ ወረደ።

የቁም መብራቱ ተሠርቶ አለቀና አልጋው አጠገብ ቆመ። ብርሃኑ ለስላሳ ነው፣ ገመዱም አይታይም፤ ጋሼ ወልደየስ ግን ተከናንበው ዝም አሉ። በማግስቱ እትዬ ሸዋዓለም ከሥራ ቦታቸው ትርፍራፊ እንጨት ይዘው መጡና ቶርኖው ላይ አሰሩ። ሰጋቱራውን አላራገፉም።

ከዚያ ወዲህ ከሺፍት ሲመለሱ ኮታቸውን እንኳ ሳያወልቁ ወደ ጋራዥ ይገባሉ። ድምፁ እስኪወፍር ይጠብቃሉ፣ ግድግዳው እስኪመታ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ሾርባውን ይዘው ገብተው አሞጽ ይሆናሉ። ሆዱ የተሰነጠቀ እንጨት ጥግ ላይ ተከመረ።

«እትዬ፣ እንጨቱ እየተሰነጠቀ ነው» አልኳቸው አንድ ቀን።

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

ለዶክተሩ «ይናገራል፣ ይበላልም» አሉት፤ ከማን ጋር እንደሚናገር አልነገሩትም። ሆስፒታሉ ቀረ። በፋሲካ ዋዜማ ጽጌሬዳ ጋራዥ ድረስ መጣች።

«እውነት ነው? ተናገረሽ?»

«ተናገረ።»

«ምን አለሽ?»

«ደህንነቴን ጠየቀኝ» አሉ እትዬ ሸዋዓለም።

ጽጌሬዳ እያለቀሰች ጌታን አመሰገነች። እሳቸው ግን መሰርሰሪያውን ወደ ውስጥ እየገፉ ግድግዳውን ያዩ ነበር፤ ድምፁ መወፈር ጀምሯል።