ግራጫዋ የእሳት እራት

ቢቸና ውስጥ የአጎቴን የጋሼ አካለ ወልድን ያህል ተጠራጣሪ ሰው አላውቅም። ድግስ ቤት ጠላ ሲቀርብላቸው ብርጭቋቸውን ከጎናቸው ካለው ሰው ጋር ይለዋወጣሉ። በር ቆልፈው ከወጡ በኋላ ሦስት ጊዜ ተመልሰው ይገፉታል። "ምነው ጋሼ?" ስላቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ።" እወዳቸዋለሁ፤ ግን ያናድዱኛል።

ያለ ጥርጣሬ የሚወዱት ነገር ቢኖር ንብ ነው። ጓሯቸው ዘጠኝ ቀፎ ነበራቸው። ቀፎ ደግሞ ለብቻ አይከፈትም፤ አንዱ ሲከፍት ሌላው ንቦቹን የሚያረጋጋ ጭስ ይይዛል። ሃያ ዓመት ሙሉ ጭስ የያዙላቸው ጎረቤታቸው አቶ ይግዛው ነበሩ። ከሦስት ዓመት በፊት የአንዱ ቀፎ ንቦች ኮበለሉ። ጋሼም "ጭሱ ውስጥ መድኃኒት ጨምሮበታል" ብለው ጎረቤታቸውን ከጓሮ አባረሩ። ከዚያ ወዲህ ማንንም አላመኑም። ንቦቹም አንድ በአንድ ሄደው ሁለት ቀፎ ቀረ።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ከአንዱ ቀፎ አፍ ግራጫ የእሳት እራት አገኙ። እንዲህ ያለች አይተው አያውቁም።

"ይኸው! ይግዛው የላከብኝ ይቺን ነው" አሉ። ለእሑድ ሽማግሌ ጠርተው አቶ ይግዛውን በታቦት ሊያስምሏቸው ቆረጡ። እኔ ደነገጥኩ። እኛ ሰፈር በመድኃኒት የተጠረጠረ ሰው፣ ቢምልም እንኳ፣ ለቅሶ ቤት ብቻውን ነው የሚቀመጠው።

"መጀመሪያ ምን እንደሆነች እንወቅ። ፎቶ ላንሳት" ብዬ ለመንኳቸው። ብዙ አስበው ፈቀዱ፤ ግን ቀፎውን በጋቢያቸው ሸፈኑት።

"ጋሼ፣ በስልክ እኮ ነው!"

"የሰው ዓይን በስልክ አያልፍም ያለሽ ማነው?"

ፎቶውን ሞጣ ላለው ለአብዱሰመድ ላክሁለት። የማር ነጋዴ ልጅ ነው፤ ኮሌጅ አብረን ተምረን እሱ የንብ ባለሙያ ሆነ፣ እኔ አስተማሪ። ብዙም ሳይቆይ ደወለ። ጋሼ እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አደረግሁት።

"እፀገነት፣ ይሄ ጋቢ ምን ይሠራል?"

"ተወው፣ ረጅም ታሪክ ነው።"

"ክንፏን ሳየው ጠርጥሬያለሁ። ግን ፎቶውን ሳጎላው ከጋቢው ጫፍ ሥር ድር ይታየኛል። ድሩ ላይ ጥቋቁር ፍሬ የመሰለ ነገር አለ?"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። አለ።

"በቃ፣ የሰም ትል እናት ናት። ቀፎ ውስጥ ገብታ እንቁላል ትጥላለች፣ ትሎቿ ሰሙን ይበሉታል፣ ንቦቹም ቤቱን ጥለው ይሄዳሉ። ጠንካራ ቀፎ አትደፍርም። የምትፈልገው ያልጸዳውን፣ አሮጌው ሰም ያልወጣለትን ነው። ጋሽ አካለ ለመጨረሻ ጊዜ የከፈቱት መቼ ነው?"

ጋሼ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "ሞጣ ተቀምጦ የጓሮዬን ድር በምን አወቀ? ከይግዛው ጋር ይተዋወቃል?"

ይሄኔ ትዕግስቴ አለቀ። "ጋሼ፣ የተጠየቁትን ይመልሱ!" ብዬ ጮህኩባቸው።

ጋሼ ጋቢያቸውን ከቀፎው ላይ ቀስ ብለው አነሡና ድሩን በጣታቸው ነኩት።

"ሦስት ዓመት" አሉ። "ጭስ የሚይዝልኝ ሰው የለኝም።"

እሑድ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። አቶ ይግዛው ለመሐላ ንጹሕ ነጠላ ለብሰው፣ ፊታቸው ጠቁሮ መጡ። ጋሼ ተነሡ።

"የማስምለው ሰው የለኝም። በድዬሃለሁ። ይግዛው፣ ጭስ ያዝልኝ።"

አቶ ይግዛው የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ትከሻቸው መለሱ።

"ስንት ቀፎ ቀረህ?"

"ሁለት።"

"የእሳት እራቷን ከአምና ጀምሮ በአጥሩ በኩል ሳያት ነበር። ቀፎህን ስትዞረው።"

"ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ?"

"ብነግርህ፣ ማን ላካት ትል ነበር?"

እንባዬ መጣ፤ በጋሼ ከመናደድ ይልቅ ያዘንኩላቸው ያን ቀን ነው።

አመሻሹ ላይ አቶ ይግዛው የሚጤስ ኩበት በገል ይዘው በጓሮ በር ገቡ። ጋሼ ቀድመው ቆመው ይጠብቁ ነበር። ሰባቱን ባዶ ቀፎዎች አልፈው ከቀሩት አንዱ ጋ ሲደርሱ፣ አቶ ይግዛው ጭሱን ያዙ፣ ጋሼ ቀፎውን ከፈቱ።